እማዬ ከቅስቱ ሥር

ኅዳር 3

ይድረስ ለወንድሜ፦

እንደምን ከርመሃል? «በስልክ የጀመርሽውን ለምን ዋጥሽው?» ብለህ የላክህብኝ ቁራጭ ወረቀት ደርሶኛል። የዋጥኩት እማዬ አጠገቤ ስለነበረች ነው። ጆሮዋ ከከበደ ወዲህ ስልኩን ድምፁን ለቅቄ ካላናገርኩህ ታኮርፋለች፤ ድምፁን ከለቀቅኩት ደግሞ እንኳን እሷ የፊት ለፊቷ ፀጉር ሠሪም ትሰማሃለች። ስለዚህ ከእንግዲህ ጠንከር ያለ ወሬ በወረቀት ነው። አሸዋ የሚያመላልስላችሁን ሹፌር ዕድሜ ይስጠው፣ በሱ እጅ ይደርስሃል።

ወሬው ይኸውልህ። የአባዬ ቅስት ተሰንጥቋል። ሁለቱን ክፍል ለይቶ፣ ግድግዳውንም ጣሪያውንም ጀርባው ላይ አዝሎ የቆመው ያ ጎባጣ ድንጋይ ማለቴ ነው፤ አባዬ ለሰው ስንቱን ሲሠራ ኖሮ ለራሱ የሠራው እሱን ብቻ ነው። ስንጥቁ ከቀኝ እግሩ ተነስቶ ወደ መሀል ይወጣል። መጀመሪያ ፀጉር የምታክል ነበረች፣ ዝም አልኳት። አሁን ጥፍሬ ይገባባታል። የእማዬ ቁም ሳጥንም በሩ አልዘጋ ብሏል። እንጨቱ አብጦ ነው እላለሁ፣ ግን በዚህ በደረቅ ወር ምን ያሳብጠዋል?

ፈርቻለሁ፣ ምን አባቴ ልበልህ። የስፌት መኪናዬ ላይ ቁጭ ብዬ መስፋት ስጀምር ድምፁ ግድግዳው ውስጥ የሚሄድ ይመስለኛል። አቆማለሁ፣ አዳምጣለሁ፣ ደግሞ እቀጥላለሁ። አንድ የተማሪ ዩኒፎርም የግማሽ ቀን ሥራ ሆነብኝ። ሳቅብኝ ከፈለግህ፤ ከልጅነቴም ፈሪ ነኝ፣ አንተም ስታሾፍብኝ ነው ያደግከው።

ሌላም አንድ ነገር አለ። አሁን ብነግርህ ግን ሥራህን ጥለህ ትሮጣለህ፤ ይቆየኝ። መጀመሪያ ምን ላድርግ፣ እሱን ንገረኝ።

እህትህ


ኅዳር 10

እትዬ፣

ሰላም ላንቺና ለእማዬ ይሁን። ከሁሉ በፊት ይቅርታ፣ ልመጣ አልችልም። የገበያ አዳራሹ ቅስቶች ገና ግማሽ ላይ ናቸው። ግማሽ ቅስት ደግሞ እንደ ግማሽ ሱሪ ነገ እጨርሰዋለሁ ተብሎ ወንበር ላይ አይጣልም። አለቃው አንድ ሰው እንኳን አይለቅም።

«ድንጋይ ዝም ብሎ እንዴት ይሰነጠቃል?» ሳትይ አትቀሪም፤ በስፌት ቋንቋ ልመልስልሽ። ብብቱ የጠበበ ልብስ ሲተረተር በየት በኩል ነው? በጎን ነው። ቅስትም እንደዚያው ነው፤ ሸክሙን ወደ ታች ብቻ አያወርድም፣ ወደ ግራና ቀኝም ይገፋል። እዚህ ከምንሠራቸው ውስጥ የመግቢያው ሙሉ ግማሽ ክብ ነው፣ እሱ ጨዋ ነው። ጫፋቸው ሾል ያሉም አሉ፣ እነሱም ብዙ አያስቸግሩም። ክፉው ዝርጉ ነው፤ እንደ ቅንድብ ጋደም ያለው። እሱ ጎኑን የሚይዝለት ካጣ እግሩን ይከፍትና ቁጭ ይላል። የአባዬ ዝርግ ነው፤ ጣሪያው ዝቅ ስላለበት ከዚያ በላይ ሊያጎብጠው አልቻለም ነበር።

ስለዚህ ቀጭን ክር ስንጥቁን አሻግረሽ ወጥሪና ሁለቱን ጫፍ በሰም ለጥፊው። ክሩ እንዳለ ከሰነበተ የቆየ ጠባሳ ነው፣ ሥራሽን ሥሪ። ከተበጠሰ ግን እግሩ እየተንሸራተተ ነው ማለት ነው። እስከዚያው ማንም ከሥሩ እንዳይቀመጥ፣ ስታልፉም ፈጠን በሉ። የእማዬ አልጋ ውጭኛው ክፍል መስኮቱ ጋ መሆኑ በጀን።

ድንጋዩ እስኪያያዝ የተሸከመው የኛ የእንጨት ድጋፍ ሲነቀልስ ከሥር ማን ይቆማል ብለሽ መጨነቅሽ አይቀርም። አባዬ ያደርገው የነበረው ነገር እዚህም አለ፤ እንጨቱ ሲነቀል የገነባው ሰው ከሥሩ ካልቆመ ግንበኞቹ ቅስቱን ቅስት አይሉትም። ማን እንደሚሆን ገና አልተወሰነም። ግንበኛ ብዙ ነን፣ አታስቢ።

ወንድምሽ


ኅዳር 18

ይድረስ ለወንድሜ፦

ክሩ ተበጠሰ። እንዲታየኝ ብዬ ቀይ ነበር የወጠርኩት፤ ዓርብ ጠዋት ሁለቱ ጫፎች ለየብቻ ተንጠልጥለው አገኘኋቸው። ልብሴ ጠልፎት ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩና ሌላ ወጠርኩ። እሱም ተበጠሰ። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

እንግዲህ ያልነገርኩህን ልንገርህ። የእማዬ አልጋ መስኮቱ ጋ አይደለም። ከቅስቱ ሥር ነው።

እኔ አይደለሁም ያዞርኩት። ባለፈው ከጣሪያው ጥግ ልስን ረግፎ ትራሷ ላይ ሲያርፍ ደነገጠች። ዩኒፎርም ላስረክብ ወጥቼ ስመለስ ከፀጉር ሠሪዋ ጋር አልጋውን ጎትተው ጎትተው መሀል አድርሰውታል። አባዬ ምን ይለን እንደነበር ታስታውሳለህ፤ መብረቅም ቢሆን መሬትም ቢንቀጠቀጥ ሮጣችሁ ከቅስቱ ሥር ግቡ ነው። እኔና አንተም ነጎድጓድ በመጣ ቁጥር እዚያ ነበር ተቃቅፈን የምንቀመጠው። አሁን እሷ ይኸው ስንጥቁ በሰፋ ቁጥር የበለጠ ትጠጋዋለች። ሌላ ሰው ሲፈራ ወደ ደጅ ነው የሚሮጠው፤ የግንበኛ ቤተሰብ ሆነን ነው ይሄ የመጣብን።

ውጪ ስላት ሽንጧን ገትራ ተከራከረችኝ። «ይሄን ቅስት ለኔ ነው የምትነግሪኝ? አባትሽ ድጋፉን ሲነቅል እሥሩ የቆምኩት እኔ ነኝ፣ አንቺን በሆዴ ይዤ» አለችኝ። ወሬውን ታውቀዋለህ፤ ለስንት ደንበኛዬ ስታወራው ሰምተሃል። አባዬ የሚያግዘው ሰው ጠፍቶ መዶሻውን ራሱ ሲይዝ ከሥር የሚቆም ሰው የለም። «እንግዲያው እኔ እቆማለሁ» ብላ ገባች። ለመናት፣ እምቢ አለች። ድጋፉን የተሸከሙትን ቋሚዎች መትቶ ጣላቸው፣ ቅስቱም ቆመ። ከሰው ሚስት ሁሉ እሷ ብቻ እንዲህ ያለ ነገር የሠራች ይመስላታል፤ እውነቷንም ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ከስንጥቁ ዱቄት ይረግፋል። ሰማያዊ ጨርቅ ላይ ሲወድቅ ነው ያየሁት። ይሄ ምንድን ነው?

እህትህ


ኅዳር 24

እትዬ፣

አልተቆጣሁም። ለመቆጣትም አቅም የለኝም። ደብዳቤሽን ቆሜ ነው ያነበብኩት። ወዲያው ደወልኩ፣ «ደህና ነን፣ እማዬም ሰላም ትልሃለች» ብለሽ ስትዘጊው አጠገብሽ እንዳለች ገባኝ።

ቱንቢን ፈልጊው፤ አባዬ ያስተማረውን ቀጭኑን ግንበኛ። ድጋፍ እንጨት ይዞ ዛሬውኑ ይምጣ፣ ወንድሜ ለመነህ በይው።

ዱቄቱ ነጭ ከሆነ ኖራ ነው፤ ያን ያህል አያስፈራም። ነጭ ካልሆነ ቀለሙንም ሽታውንም ጻፊልኝ። እማዬን ተሸክመሽም ቢሆን አውጫት። ሌላ ምንም አልጽፍም፣ ሹፌሩ ሞተሩን አስነስቷል።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 1

ይድረስ ለወንድሜ፦

ቱንቢ የለም። ሚስቱን አገኘኋት፤ ሌላ ከተማ ሥራ ይዟል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሳል አለችኝ። የያዝኩት ነገር ሁሉ እንዲህ አልሆን አለኝ።

ዱቄቱ ነጭ አይደለም። ቢጫ ነው፣ የላመ ነው፣ እፍ ሲሉት ይበናል። ቆንጥሬ ማንኪያ ላይ አደረግሁና ክብሪት ጫርኩበት። ተቃጠለ። ሽታው የእንጨት ነው። ኖራ ይቃጠላል እንዴ? ወይስ እኔ ነኝ ከፍርሃት ብዛት ያበድኩት?

ተሸክመሽ አውጫት ላልከው፣ የእናትህ ጀርባ ቢጎብጥም ክብደቷ እንዳለ ነው። ከቅስቱ ዳር ቆሜ እጇን ይዤ ጎተትኳት። አልጋውን ይዛ አልለቀቀችም። ሁለታችንም ደክሞን ቁና ቁና ስንተነፍስ «ምሳ ደርሷል?» አለችኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

«አንቺስ የት ነሽ?» ሳትለኝ አትቀርም። ልዋሽህ አልችልም። ክሩ ከተበጠሰ ወዲህ እኔ ከሥሩ አልገባም። ውጭኛው ክፍል በሩ ጋ ነኝ። ምግቧን የማቀብላት እጄን ዘርግቼ፣ በእግሬ ጣት ቆሜ ነው። ፀጉሯን እንኳን ካበጠርኩላት ሰነበትኩ። እሷ ያየችኝ አይመስለኝም ነበር። ትናንት «ነይ ግቢ፣ ቅስቱ ሰው አይበላም» አለችኝ። አልገባሁም። እናቴን ከሥሩ ትቼ እኔ በሩ ላይ ነኝ ያለሁት። ይሄን ለሌላ ሰው አታውራ።

እህትህ


ታኅሣሥ 7

እትዬ፣

አላበድሽም። ኖራ አይቃጠልም። እሱ ነቀዝ የበላው እንጨት ነው።

ድንጋይ ውስጥ እንጨት ምን ይሠራል ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ገባኝ። ቅስት ሲሠራ መጀመሪያ ጎባጣ እንጨት ይዘጋጃል፣ ድንጋዩ በላዩ ይደረደራል፣ የመሀሉ ድንጋይ ሲገባ እንጨቱ ይነቀላል። አባዬ ያን ቀን ቋሚዎቹን ብቻ ነው የጣለው። ጎባጣውን እንጨት ከግድግዳው በወጡ ድንጋዮች ላይ አሳርፎ ትቶታል፣ ከሥሩም ለስኖበታል። ስንት ቅስት ሥር ራሱ ሳይፈራ የቆመ ሰው፣ እማዬ እሥሩ ስትቆም እጁ እምቢ አለው።

አየሽ እንግዲህ፣ ያ ቅስት አንድም ቀን ለብቻው ቆሞ አያውቅም። ያቆመው እንጨቱ ነው፤ እንጨቱ ደግሞ ዱቄት ሆኖ ጨርቅሽ ላይ እየረገፈ ነው። አባዬም እንጨቱን የተወው የሆነ ነገር ተሳስቶ፣ ድንጋዩን አላምነው ብሎ እንደሆነ አናውቅም። የሱ ሥራ ሆኖ ሳለ እኔም ላምነው አልቻልኩም። አለቃውን ደግሜ ለመንኩት፣ ደግሞ ከለከለኝ።

ይሄን ለእማዬ እንዳትነግሪያት። ዕድሜዋን ሙሉ የኮራችበት ነገር ነው፣ ባዶ እጇን አታስቀሪያት። ውሸት ፍጠሪ። ልጅሽ ታሞ ሆስፒታል ተኝቷል፣ እንሂድ በያት። እኔን ግደይኝ፣ ግዴለም፣ ብቻ ትውጣ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 14

ይድረስ ለወንድሜ፦

እማዬ ወጥታለች። መጀመሪያ እሱን ልንገርህ ብዬ ነው፤ አሁን ተንፍስ።

ታሟል አልኳት። «ምኑን?» አለችኝ። እንዲያው ደንግጬ «ጥርሱን» አልኩ። በጥርስ ሕመም ሆስፒታል ይተኛል እንዴ ብላ አፌ ላይ ሳቀችብኝ። ውሸት እንደማይሆንልኝ እያወቅህ ምን አስይዘህ ላክኸኝ?

ከዚያ ቆምኩ ቆምኩና፣ በሩ ላይ ሆኜ፣ በጆሮዋ ልክ ጮክ ብዬ ነገርኳት። እንጨቱ አልተነቀለም፣ አባዬ ፈርቶ ትቶታል፣ አሁን ነቅዟል አልኳት። እንደምታለቅስ ነበር የጠበቅኩት።

አላለቀሰችም። «የተረፈው እንጨት ልስኑ እንዲይዝ ነው ብሎኝ ነበር» አለች። ከራስጌዋ ማንኪያ አንስታ አልጋው ላይ ቆማ፣ በዚያ ጀርባዋ፣ ልስኑን ትፍቀው ጀመር። ነፍሴ ልትወጣ ነው፣ ተይ እላለሁ፣ ማን ይስማኝ። ልስኑ ተፈነቀለ፣ ቢጫው ዱቄት ፊቷ ላይ ፈሰሰ። በጣቷ አሸችው። አሸተተችው። ከዚያ ወረደችና ጫማዋን ፈለገች።

ፈርታ መስሎህ እንዳትታለል። ተቆጥታ ነው። «ከዚህ ሰውዬ ጋር አንድ ቤት አላድርም» አለችኝ። ሞቶ ስንት ዓመቱ፣ ባሏን አኩርፋ ነው የወጣችው፤ ነጠላ ጫማና ማበጠሪያ ይዛ ፀጉር ሠሪዋ ቤት ገባች። እኔ አንድ ወር ለምኜ ያልተሳካልኝን አባዬ በአንድ ቀን አደረገው።

ቱንቢ በማግስቱ መጣ። አዲስ ጎባጣ እንጨት በሁለት ቋሚ ከሥሩ አቆመና ልስኑን ሁሉ አራገፈው። እንጨቱ የለም ነው የሚባለው፤ እንደ ቀለም የሳሳ ቅርፊት ብቻ ቀርቶታል፣ ውስጡ ባዶ። ቱንቢ እጁን አስገብቶ ሲያወጣ እጁ በዱቄት ተሞልቷል። «ይሄ ከነቀዘ ብዙ ዓመቱ ነው። እናንተ ሳታውቁት ቅስቱ ለብቻው ነው የኖረው» አለኝ። ስንጥቁ የመጣው ከቀኙ እግር ሥር የተሰበረ የውሃ ቧንቧ መሬቱን አቡክቶት ነው። ቧንቧው ተቀይሯል፣ መሬቱ ተቆፍሮ በድንጋይና በሲሚንቶ ተሞልቷል። እንዲደርቅ እየጠበቅን ነው።

ይሄን ለእማዬ ነገርኳት። «አሳምሮ ሠርቶታል እኮ። አላመነውም እንጂ» አለች። ከዚያ አለቀሰች። አሁን የያዘችው ሌላ ነው። ቱንቢ ድጋፉን ሲነቅል ከሥሩ እኔ ነኝ የምቆመው ብላለች። ያን ቀን የጀመርኩትን እጨርሳለሁ ትላለች። አንተ በኔ ቦታ ብትሆን ምን ትላታለህ?

እህትህ


ታኅሣሥ 21

እትዬ፣

ለጥያቄሽ ከመመለሴ በፊት ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ። በአሥራ ሰባት የመግቢያውን ቅስት ድጋፍ ነቀልን። ከሥሩ የቆምኩት እኔ ነኝ። ከመጀመሪያውም እኔ እንደምሆን አውቅ ነበር፤ አንቺ እንዳትሰጊ ብዬ ነው የሸሸግኩት። ስቆም ምንም አልመሰለኝም። ረሃብ ስለያዘኝ ምሳ ነበር የማስበው።

እማዬ እንደምትቆም ካነበብኩ ወዲህ ግን እንቅልፍ የለኝም። ድንጋይ ስጠርብ ሁለቴ አውራ ጣቴን መታሁት።

ስለዚህ ለቱንቢ ንገሪው፣ ጎባጣው እንጨት አይነቀል። ቋሚዎቹን ብቻ ቆርጦ ይጣልና ላዩን ይለስንበት። እማዬ ከሥሩ ትቁም፣ በመዶሻው ቀጭ ቀጭ ያድርግላት፣ ተነቅሏል በሏት። ምን እየጻፍኩ እንደሆነ አውቃለሁ እትዬ። አባዬ ያደረገውን ነው። ቱንቢ አሳምኖ ቢነግርሽም፣ ድንጋዩ ለብቻው እንደኖረ ባውቅም፣ እሷ ከሥሩ ቆማ መዶሻው ሲመታ ይታየኛል። አልችልም። እባክሽ እሺ በይኝ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 28

ይድረስ ለወንድሜ፦

ደብዳቤህን ለእማዬ አነበብኩላት። አትቆጣ። ከእሷ ስንደብቅ የከረምነው ይበቃናል ብዬ ነው። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «እሱም?» አለች። ተነስታ ቱንቢን ልትጠራ ሄደች።

ቱንቢ መጀመሪያ እምቢ ብሏት ነበር። ራሱ ቆሞ ሌላ ሰው ይምታ አለ። «የባሌን ሥራ ላንተ አልሰጥም» አለችው። ፀጉር ሠሪዋ ሱቋን ትታ ወጣች፣ ደንበኞቿም ፀጉራቸው እርጥብ እንደሆነ ፎጣ ጠምጥመው መንገዱ ላይ ቆሙ። እኔ ከእነሱም ኋላ ነበርኩ። አብሬሽ ልቁም ልላት እንኳን አልደፈርኩም፣ እሷም ነይ አላለችኝም።

ቱንቢ ከቋሚው ሥር ያስገባውን ሽብልቅ መታ። አንዱ ቋሚ ወደቀ። በተከፈተው በር አየኋት። እንዴት አንሳለች መሰለህ። ጀርባዋ ጎብጦ፣ እጆቿን አቆላልፋ፣ ቀና ብላ ድንጋዩን ታያለች። የምታዋራው ይመስለኛል። ቱንቢ ለሁለተኛው መዶሻውን ሲያነሳ ሮጥኩ። ወደ ኋላ አይደለም። ፀጉር ሠሪዋ ልብሴን ይዛኝ ነበር፣ እጅጌው ተቀደደ። ገብቼ ከጀርባዋ አቀፍኳት። ቱንቢ መዶሻውን እንዳነሳ ቀረ። እማዬ ዞር ሳትል «ምታ» አለችው።

መታ። ሁለተኛው ቋሚ ወደቀ፣ ጎባጣው እንጨትም ተከትሎት ከእግራችን ፊት አረፈ። ከላይ ትንሽ አፈር ረገፈብን። ከዚያ ምንም የለም። ቅስቱ ቆሟል። እማዬ «በል ይኸው» አለች፣ ለአባዬ መሰለኝ።

ጀግና ሆኜ እንዳይመስልህ። መንገዱ ላይ ቆሜ ሳያት ልቤ ሊፈነዳ ነበር፤ ገብቼ ሳቅፋት ግን ቀለለኝ። ከሥሩ ከመቆም ይልቅ ውጭ ሆኖ ማየቱ ነው ለካ የሚከፋው። አንተ ወንድሜ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ እዚያ ሆነህ እንዴት ቻልከው?

እህትህ